ስለ መኪና የኦክስጅን ሴንሰርና ስለ መፍቻው አመራረጥ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ



የክፍል ጓደኞቼ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ታሪክ፥ ስለ ጤና ጥበቃና ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲጽፉ እኔ ስለ አንድ የብረት መፍቻ ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት አጎቴን ስምንት ቀን ሥራ አስፈትቶ በብድር ያሳደረው የሞተር መቃጠል አልነበረም፤ የጎማ መፈንዳትም አልነበረም፤ ያለ ቦታው የገባ አንድ መፍቻ ነበር። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ያየሁትንና የተማርሁትን እነሆ እጽፋለሁ። መኪና ያላቸው ወላጆች ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ምን ብለው እንደሚጠይቁ ይረዱበታል፤ ወደ ሞያ ትምህርት ለመግባት የሚያስቡ ጓደኞቼም አንድ ነገር ያገኙበታል ብዬ አምናለሁ።

አጎቴ የሚኖረው ከእኛ ጋር በለቡ ነው። በዕድሜ የገፋች አንዲት ቶዮታ አለችው። ከለቡ ወደ ጀሞ፥ ወደ ሐና ማርያምና ወደ ሃይሌ ጋርመንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከባቡር ጣቢያው ወደ መሀል ከተማ ሰው እያመላለሰ በእርስዋ ይተዳደራል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከመሪው ፊት ለፊት የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራት በራ፤ ቤንዚኑም ከወትሮው ቀድሞ እያለቀ አስቸገረው። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት (ስሙንና ሰፈሩን ልተወው)፤ እዚያም በኮምፒዩተር ተመረመረችና ፒ 0135 የሚል ቁጥር ወጣ። ይህም ማለት የኦክስጅን ሴንሰሩ ማሞቂያ ተበላሽቷል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የተሠራው ሥራ ትክክል ነበር።

ስሕተቱ የተጀመረው ለመፍታት ሲነሡ ነው። ሠራተኛው አፈ ክፍት የሆነውን 22 ቁልፍ አስገብቶ ሳበ፤ አልላቀቅ አለው። ክንድ ተኩል የሚሆን የውሃ ቧንቧ በቁልፉ እጀታ ላይ ሰክቶ እንደ ገና ሳበ፤ ቁልፉ ተንሸራተተና የቡሎኑን ማዕዘን ላጠው። ቀጥለውም በትልቅ ፒንሳ ነከሱት፥ በመዶሻ መቱት፥ በመጨረሻም በግድ ሲያዞሩት ሴንሰሩ ወጣ። ነገር ግን ብቻውን አልወጣም፤ የቀዳዳውን ጥርስ ጠራርጎ ይዞ ወጣ። አዲሱ ሴንሰር ሲሞከር እየተሽከረከረ መጨበጥ እምቢ አለ። ያን ጊዜ የጋራዡ ሰዎች፥ «መኪናዋ አሮጌ ስለ ሆነች ነው» ብለው ሸኙት።

ከዚህ በኋላ መኪናዋ ተጎትታ በለቡ ወደሚገኙ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ደጅ መጣች። እኒህ ሰው ለጎረቤታችን ሁሉ «ጋሼ» ናቸው። ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን በባትሪ መብራት አዩና ራሳቸውን ነቅንቀው፥ «ሴንሰሩማ ይገዛል፤ ቀዳዳው ከየት ይገዛል?» አሉ። የጭስ ማውጫው የፊተኛው ቧንቧ በሙሉ ወረደ። የተበላሸው መቀመጫ ተቆርጦ ተጣለ። በምትኩ ጥርስ ያለው አዲስ የብረት ቀለበት በቶርኖ ተሠራና በብየዳ ተያያዘ። መብራት ሲጠፋ፥ ቶርኖ ቤቱ ወረፋ ሲይዝ፥ ዝናቡም ሲጨምር ስምንት ቀን ሄደ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበር እኔም እዚያው እየዋልሁ ዕቃ አቀባይ ሆንሁ። የቀረውን ክረምት ሁሉ በዚያው አሳለፍሁት።

አሁን ዕቃው ራሱ ምን እንደ ሆነ ልናገር። የኦክስጅን ሴንሰር የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሲሆን፥ በአንድ ወገን ጫፉ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት የብረት ቆብ የለበሰ ነው፤ በሌላው ወገን ከአንድ እስከ አራት የሚደርስ፥ በአንዳንዱም ከዚያ የበለጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይወጣለታል። በጭስ ማውጫው ላይ ልክ እንደ ካንዴላ ተጠምዝዞ ይገባል፤ ጫፉ ሁልጊዜ በሚያልፈው ጭስ ውስጥ ይኖራል። ሥራው ማሽተት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በጭሱ ውስጥ ሥራ ላይ ሳይውል የተረፈ ኦክስጅን መኖር አለመኖሩን አሽትቶ ለመኪናው ኮምፒዩተር ይናገራል።

በውስጡ ዚርኮኒያ የሚባል ሸክላ መሰል ነገር አለ። ይህ ሸክላ በቀዘቀዘ ጊዜ ምንም አይሠራም፤ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ግን በኤሌክትሪክ የተሞሉ የኦክስጅን ቅንጣቶች እንዲያልፉበት ይፈቅዳል። በአንድ ወገኑ የውጭ አየር፥ በሌላው ወገኑ ጭስ ስላለ በሁለቱ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጥራል። ቤንዚን ሲበዛና ኦክስጅን ሲያልቅ ግፊቱ ወደ 0.9 ቮልት ይጠጋል፤ ኦክስጅን ሲተርፍ ደግሞ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ ይህን እየተመለከተ ቤንዚኑን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። የሚፈለገው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርሰው ነው። ሸክላው ቶሎ እንዲግል በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተደርጎለታል፤ በአጎቴ መኪና ላይ የተቃጠለው ይኸው ምድጃ ነበር።

ኬሚስትሪ የሚያስተምሩን መምህር ይህን ስነግራቸው እጅግ ደስ አላቸው። በኤሌክትሮ ኬሚስትሪ ምዕራፍ የምንማረው የኔርንስት ቀመር በየመኪናው ሆድ ውስጥ ሲሠራ የሚውለው በዚህ ዕቃ ነውና። ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስት በ1920 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሊቅ ነው፤ ዚርኮኒያም በጋለ ጊዜ ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ አውቆ መብራት ሠርቶበት ነበር። ዕቃውን ለመኪና ያዋለው የአገሩ ልጅ ቦሽ ኩባንያ ሲሆን፥ መጀመሪያ የተገጠመውም በ1976 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወደ አሜሪካ በሚላኩ የቮልቮ መኪናዎች ላይ ነው።

ለእኛ ከተማ ይህ ዕቃ የተለየ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። በጅቡቲ ወደብ የወረደች አንዲት መኪና ወደ ለቡ ስትደርስ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው የአየር ክብደት እጅግ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ወደቡ ልክ ቢፈስላት ጥቁር ጭስ እያጨሰች ገንዘብ ታቃጥላለች። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት አሮጌ ላዳዎች ካርቡራተር ያላቸው ስለ ሆኑ ይህ ሴንሰር የለባቸውም፤ ሜካኒኩ በጆሮውና በካቻቢቴ ያስተካክልላቸዋል። ሴንሰር ያላት መኪና ግን ራስዋን በራስዋ ታስተካክላለች፤ ይህም የሚሆነው ሴንሰሩ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ነው። ከዚህም በቀር በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለ ከለከለ፥ አሁን በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ይጠገናሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ስለሌላት ይህ ጣጣ አይነካትም።

እንግዲህ ይህ ዕቃ ለምን በቀላሉ አይፈታም? ጥርሱ በብዙዎቹ መኪናዎች 18 ሚሊሜትር ውፍረት፥ በጥርስና በጥርስ መካከልም 1.5 ሚሊሜትር ርቀት አለው፤ ይህ የጥንቱ ባለ 18 ካንዴላ ጥርስ ነው። የሚኖረው ደግሞ በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ነው። መኪናዋ በተነሣች ቁጥር ብረቱ ይግላል፥ ይሰፋል፤ በቆመች ቁጥር ይቀዘቅዛል፥ ይጠባል። በክረምት ደግሞ በለቡ መንገድ ላይ የተኛው ውሃ እየተረጨ በጋለው ብረት ላይ ይፈላል። ከዓመታት በኋላ ዝገቱ ሁለቱን ጥርሶች እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። (በበረዶ አገር በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን የባሰ ነው፤ ከዚያ ያገለገለች መኪና የገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።)

ስለዚህ መፍቻውን የምንመርጠው የቡሎኑን ልክ አይተን ብቻ አይደለም። ልኩማ አንድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 22 ሚሊሜትር ነው። አሜሪካኖች ሰባት ስምንተኛ ኢንች የሚሉት መፍቻም 22.2 ሚሊሜትር ስለሚሆን ይገባል፤ ማዕዘኑ መላጥ ለጀመረ ቡሎን ግን ጠበቅ ያለው 22 ይመረጣል። ዋናው ጥያቄ በሴንሰሩ ዙሪያና ከበላዩ ምን አለ የሚለው ነው። ጋሼ መኪና ሥር ከመግባታቸው በፊት እጃቸውን ሰደው ይዳስሳሉ፤ ሦስት ጣት ይገባል? ጡጫ ይገባል? ሽቦው ወዴት ይሄዳል? ከዚያ በኋላ ነው የመፍቻ ሣጥኑን የሚከፍቱት። እኔ ግን መጀመሪያ ሣጥኑን ስከፍት አይተው፥ «አንተ ልጅ፥ ጫማ የምትገዛው እግርህን ሳታይ ነው?» ብለው ሥቀውብኛል።

አፈ ክፍት መፍቻ የሚነክሰው ከስድስቱ ፊቶች ሁለቱን ብቻ ነው፤ ኃይሉም ሁሉ በሁለት ማዕዘኖች ላይ ይወድቃል። ላልጠበቀ ቡሎን ይበቃል፤ አዲሱን ሴንሰር ለማስገባትም ያገለግላል። ለዛገ ሴንሰር ግን የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ባለ ቀለበቱ መፍቻ ስድስቱንም ማዕዘን ስለሚይዝ ከእርሱ እጅግ ይበልጣል፤ ችግሩ ሴንሰሩ በአናቱ ሽቦ ስላለው፥ በሽቦውም ጫፍ የፕላስቲክ መሰኪያ ስላለ፥ ቀለበቱ በመሰኪያው ላይ አላልፍ ማለቱ ነው። አንዳንዱ መሰኪያ ቀጭን ስለ ሆነ ያልፋል፤ ስለዚህ ሌላ ከመፈለግ በፊት ይሞከር።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው ጎኑ የተሰነጠቀ ጎድጓዳ መፍቻ ነው። ቡሎኑን እንደ ባርኔጣ ከላይ ይደፋበታል፤ ቁመቱ ረጅም ስለ ሆነ የሴንሰሩ አካል በሙሉ ይገባበታል፤ ሽቦው ደግሞ በስንጥቁ ይወጣል። ከሴንሰሩ በላይ ባዶ ቦታ ካለ ከዚህ የሚሻል የለም። ነገር ግን ስንጥቁ ራሱ ድካሙ ነው። ሙሉ ቀለበት ሲጨነቅ አይከፈትም፤ የተሰነጠቀ ቀለበት ግን ብዙ ሲጨነቅ እንደ ቅርንጫፍ ይከፈታል፥ ያን ጊዜ ማዕዘኑን ይልጣል። ስለዚህ ሲገዛ ግድግዳው ወፍራም የሆነው ይመረጥ። ግድግዳው ሳስቶ የሚያብለጨልጨው ለዓይን ያማረ ቢሆንም እኔ አልመክረውም። ደግሞም በውስጡ 6 ማዕዘን ያለው ከ12 ማዕዘኑ ይመረጣል፤ 12 ማዕዘን ያለው ለመግባት ቢመችም አያያዙ ስስ ነው። ለመግዛት ወደ ሱማሌ ተራ የሚሄድ ሰው አሮጌ ሴንሰር በኪሱ ይዞ ይሂድና እዚያው አግብቶ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሰው፤ ከተንቀጨቀጨ ይተወው።

ከበላዩ ቦታ ከሌለ፥ ማለት ሴንሰሩ ከወለሉ ብረት ወይም ከሞተሩ ጋር ተፋጥጦ ከተቀመጠ፥ ረጅሙ ጎድጓዳ አይገባም። ለዚህ ደግሞ አጭርና ጎነ ክፍት የሆነ፥ እጀታው በራሱ ላይ ሳይሆን በጎኑ የሚሰካበት ሌላ ዓይነት አለ። ረጅም ማራዘሚያ ስለሚቀበል ከሩቅ ሆኖ ለማዞር ይመቻል። ዳሩ ግን ኃይሉ ከመካከል ሳይሆን ከጎን ስለሚመጣ መዝመምና መንሸራተት ይወዳል። በአንድ እጅ ራሱን ወደ ቡሎኑ ተጭኖ፥ በሌላው እጅ ማዞር ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ምንም ሳይገዛ ስለሚሠራ ዘዴ ልንገራችሁ። አሮጌው ሴንሰር መሞቱ በእርግጥ ከታወቀ፥ ሽቦውን ከሥሩ ቆርጦ በማናቸውም ጋራዥ በሚገኘው ያልተሰነጠቀ ባለ 6 ማዕዘን 22 ጎድጓዳ መፍቻ መፍታት ይቻላል። በእኔ አስተያየት ከተሰነጠቀው ሁሉ የሚበልጥ ጉልበት ያለው ይህ ነው። ነገር ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፥ ሽቦው ከመቆረጡ በፊት አዲሱ ሴንሰር በእጅ ይግባ፤ ጥርሱ፥ የሽቦው ርዝመትና መሰኪያውም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይመዛዘን። ሁለተኛ፥ ሴንሰሩ መሞቱ ይረጋገጥ። ቢጫው መብራት የሚበራው በሴንሰር ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የተቀደደ ቧንቧ፥ አይጥ የበላው ሽቦ፥ የደከመ ካንዴላም ያበሩታል። የማሞቂያውን ሁለት ሽቦዎች በቴስተር መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጥቂት ኦም ካሳየ ምድጃው ደኅና ነው፤ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ደኅናውን ሴንሰር ቆርጦ የጣለ ሰው አይቻለሁ፤ የተበጠሰው ከሴንሰሩ አንድ ክንድ ርቆ ያለ ሽቦ ነበር።

የጋሼ መፍቻ ግን የተገዛ አይደለም፤ ከምናለሽ ተራ ባመጡት አሮጌ 22 ጎድጓዳ ላይ በብረት መቁረጫ ዲስክ ስንጥቅ አውጥተው የሠሩት ነው። ሰጌቶ አይበግረውም፤ ብረቱ የጠነከረ ነውና። እዚህ ላይ ጂኦሜትሪ የሚወዱ ጓደኞቼ ትንሽ ይታገሡኝ። ፊት ለፊት 22 ሚሊሜትር የሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን የእያንዳንዱ ፊት ስፋት 22 ሲካፈል ለ3 ስኩዌር ሩት፥ ማለት 12.7 ሚሊሜትር ያህል ነው። የሽቦው ማለፊያ 8 ሚሊሜትር ቢሆንና በፊቱ መካከል ቢቆረጥ፥ በግራና በቀኝ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ብረት ይተርፋል፤ ስድስቱም ማዕዘኖች በቦታቸው ይቀራሉ። በማዕዘኑ ላይ ቢቆረጥ ግን አንድ ማዕዘን እንዳለ ይጠፋል። ሲቆረጥም በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየተነከረ ነው፤ ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬውን አጥቷል።

መፍቻው ከተመረጠ በኋላ ትዕግሥት ይከተላል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በቀዝቃዛው ብረት ላይ፥ ቢቻል በዋዜማው ማታ፥ ይንጠባጠብበት። ብዙ ሰው ነጭ ጋዝ ይጠቀማል፤ ይሠራል፤ ነገር ግን በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ እሳት መለኮስ ነውና ከቶ አይደረግ። በማግሥቱ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋትና ቧንቧው ለብ እንዳለ መፍታት ይረዳል፤ ጓንት ግን ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ሩብ ዙር ይፈታ፤ ካጉረመረመ ወደ ኋላ ይመለስ፥ ዘይት ይጨመር፥ እንደ ገና ይፈታ። አጎቴ ይህን ሲያይ፥ «ይሄ ሁሉ መመላለስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ነበር። ጋሼም መልስ አልሰጡትም፤ የተላጠውን የድሮውን ሴንሰር አንሥተው አሳዩት።

በቧንቧ እጀታ ማስረዘም ለምን ክፉ እንደ ሆነ ፊዚክስ ይነግረናል። አንድ ሰው በ50 ኪሎ ክብደት ልክ፥ ማለት በ490 ኒውተን፥ 70 ሳንቲሜትር በሆነ እጀታ ቢስብ 343 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አዲስ ሴንሰር ሲገባ የሚጠበቅበት ልክ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 40 ኒውተን ሜትር ነው (ትክክለኛው ቁጥር በማሸጊያው ላይ ይነበባል)። እርግጥ ነው፥ የዛገ ነገር ለመፍታት ከማጥበቂያው የበለጠ ኃይል ሊጠይቅ ይችላል፤ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ኃይል በሁለት ማዕዘን ላይ ሲወድቅ ግን የሚሸነፈው ዝገቱ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው።

ለማጥበቂያው ቶርክ ሬንች የሚሉት ኃይል የሚለካው መፍቻ ቢኖር መልካም ነው። ለሌለው ሰው ግን አንድ መላ አለ፤ ይህንንም እኔው ራሴ ሞክሬዋለሁ። የከሰል ነጋዴዎች የሚይዙትን ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሰን፥ ከቡሎኑ መካከል 25 ሳንቲሜትር ርቆ በሚገኘው የእጀታ ቦታ ላይ አሰርነው፤ ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ አድርገን 16 ኪሎ እስኪያሳይ ሳብነው። 16 ኪሎ ወደ 157 ኒውተን ነው፤ በ0.25 ሜትር ሲባዛ 39 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ባለ ሚዛኗ እናት ሚዛናቸው የመኪና ሐኪም ሆኖ ሲያዩ ሥቀው ኪራይ አልጠየቁንም።

አዲሱ ሴንሰር ከመግባቱ በፊት የቀዳዳው ጥርስ ይጽዳ። ለዚህ ማስኪዮ የሚባለው ጥርስ ማውጫ፥ 18 በ1.5 የሆነው፥ ይገኛል፤ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ብቻ፥ በቀስታ ይግባ። ማስኪዮ ብረት የሚበላ መሣሪያ ስለ ሆነ ጠምሞ ከገባ የነበረውን ጥርስ ያጠፋል። ለማጽዳት ብቻ የተሠራ፥ የማይቆርጥ ዓይነት ከተገኘ እርሱ ይሻላል። በጥርሱ ላይ የሚቀባ ልዩ ቅባት አለ፤ ብዙው አዲስ ሴንሰር ተቀብቶ ስለሚመጣ ሌላ አይጨመርበትም። ቅባቱ ጫፉን እንዳይነካ። ሲሊኮን ያለበት ማጣበቂያም ከአጠገቡ ይራቅ፤ ሲሊኮን ሸክላውን ያደነቁረዋል። እርሳስ ያለበት ቤንዚንም እንዲሁ ያደርገው ነበር፤ እርሱ ግን ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በ2006፥ በመጨረሻዋ አገር በአልጄሪያም በ2021 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ቀርቷል።

ሴንሰሩ በእጅ ጣት ተጠምዝዞ ይጀመራል፤ በጣት ካልገባ ጠምሟልና መፍቻ አይነካው። ሽቦው አብሮ እንዲዞር ይለቀቅ፤ መሰኪያው አስቀድሞ ከተሰካ ሽቦው እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ይበጠሳል። ከእጅ ወድቆ በሲሚንቶ ላይ ያረፈ ሴንሰር፥ ውጩ ደኅና ቢመስልም፥ የውስጡ ሸክላ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አይገጠምም። በአየር ኃይል እየደበደበ የሚያዞረው መፍቻም ለአዲስ ሴንሰር አይሆንም፤ ምክንያቱ ያው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አዲሱ ሴንሰር በአዲሱ ቀለበት ውስጥ ገባ። ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው ጆሯቸውን ወደ ቀለበቱ አስጠጉ፤ የሚያፈተልክ ጭስ «ስስ» የሚል ድምፅ አለው፤ አልነበረም። ሽቦውን ከጋለው ቧንቧ አርቀው በነበረበት መያዣ አሰሩት፤ የተመዘገበውም ጥፋት ከኮምፒዩተሩ ተሠረዘ። አጎቴ እስከ ሃይሌ ጋርመንት ነድቶ ተመለሰ፤ ቢጫው መብራት አልበራም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከባቡር ጣቢያው መንገደኛ ጭኖ ወደ ከተማ ወጣ።

የተሰነጠቀው መፍቻ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጋራዦች ተውሰውት ሲመለስ ስንጥቁ በመጠኑ ሰፍቶ አገኘነው፤ ስለዚህ ጋሼና እኔ ሌላ ለመቁረጥ ወፍራም አሮጌ 22 ከምናለሽ ተራ እየፈለግን ነው።